«ኖር» የምንባባልባቸው እሁዶች

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ጋቢ መጭመቅ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። በእንዶድ አጥቤ አለቅልቄ ብቻዬን ልጨምቀው ብሞክር ከበደኝና ጠራሁት። በቆዳ ይደጉሰው የነበረውን የዳዊት መጽሐፍ ከነሙጫው ትቶ መጣና አንደኛውን ጫፍ ያዘ።

«ወደ ቀኝ ጠምዝዢ» አለኝ።

«ባንተ ቀኝ ነው በኔ ቀኝ?»

«ሁለታችንም በየቀኛችን። ስንት ዓመት ሙሉ ልንገርሽ?»

እኔ እንደ ልማዴ እሱ ወደሚያዞርበት አዞርኩ። ጋቢው ሳይጨመቅ እንደ እንዝርት አየር ላይ ዞረ። ሳቀ። «ካንቺ ጋር ጋቢ ከመጭመቅስ ከጣሊያን ጋር መታረቅ ይቀላል» አለና ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ አጥሩ ተመለከተ። እንዲህ ያለ ቀልድ ጮክ ተብሎ አይቀለድም ነበር። በመጨረሻ ተስማማንና ውኃው እግራችን ላይ ወረደ። ጋቢውን አጥሩ ላይ አሰጣነው። እሱ ወደ ሙጫው ተመለሰ፤ እኔም ለእሁድ የሚጋገረውን ዱቄት ልነፋ ገባሁ።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ አቆማለሁ። አንዳንድ ቀን ብዕሩን ቀለም ነክሬ፣ ሳልጽፍበት እጄ ላይ ይደርቃል። ሰው ፊት አንቱ እለው ነበር፤ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ግን አንተ። ወረቀቱ ፊትም እንደዚያው እሱ እያልኩ ልቀጥል፤ አንቱ ስለው ሩቅ ሰው ይመስለኛል።

ቤታችን ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ የአውሮፕላኑ ሜዳ ከሚታይበት ላይ ነው። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ሸክላው መደርደሪያው ላይ ይንጫጫል። ባለቤቴ አስተማሪ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋና ከአባቱ የተማረውን መጽሐፍ የመደጎስ ሥራ ያዘ። ቄሶችና ደብተራዎች የተቀደደ ዳዊታቸውን ያመጡለታል፤ እሱም በቆዳ እየለበጠ ይመልሳል። እጁ ሙጫ ሙጫ ይሸት ነበር። ሥራውን አልጠላውም። የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነበር።

«ትምህርት ቤት ይዘጋል» ይል ነበር፤ «ተማሪው ግን አይዘጋም። መንገድ ላይ ይቀራል።»

እውነቱን ነው። ልጆቹ መንገድ ላይ ቀርተው ነበር። ከፊሎቹ ሰንጋ ተራ ወርደው በከብት ገበያው ውስጥ የሰው በሬ ገመድ ይዘው ይውላሉ። ከፊሎቹ አውሮፕላን ሜዳው ላይ ድንጋይ ይሸከማሉ። እዚያ ያለው ጣሊያን አሠሪ የማንንም ስም አይጠራም፤ ያፏጫል። አንዴ ካፏጨ ድንጋይ አምጡ ማለት ነው፤ ሁለቴ ካፏጨ አሸዋ። ማታ ወደ ቤታቸው ሲያልፉ አያቸው ነበር። አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ልጆች እንደ ሽማግሌ ትከሻቸው ጎብጦ፣ እርስ በርሳቸው እንኳ ሳይነጋገሩ ያልፋሉ።

እንግዲህ ባለቤቴ የልጆች ሰንበቴ ያቋቋመው ያን ጊዜ ነው። ሰንበቴ ማለት እንደሚታወቀው ሰዎች እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው አብረው የሚቀምሱበት ማኅበር ነው። ግን የትልልቅ ሰዎች ነው። ጎረቤቶቻችን ሳቁብን። «ልጅ ምን ሰንበቴ አለው? ገና ጥርሱ ያልተነቃነቀ!» አለች አንዲት አሮጊት። እሱ ግን ሁለት ነገር አስቦ ነበር። አንደኛ፣ የሃይማኖት ስም ያለውን ስብሰባ ጣሊያኖቹ ብዙም አይጠረጥሩም። ሁለተኛውን ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ፤ «እነዚህ ልጆች ሳምንቱን ሙሉ የሚያያቸው የለም። በሳምንት አንድ ቀን እንያቸው።»

ሁለት አግዳሚ ወንበር አሠራን። እኔ ዳቦ እጋግራለሁ፣ ቀጭን ጠላ እጠምቃለሁ። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፤ ለመጣ ሁሉ መነሣት።

በኛ አገር ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ይነሣና «ኖር» ይላል፤ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣል። ለልጅ ግን ማንም አይነሣም። ልጅ ለሌላው ሲነሣ፣ ቦታ ሲለቅ፣ ጥግ ሲይዝ ነው የሚያድገው። በቤታችን ግን ማንም ልጅ በሩን ሲያልፍ ባለቤቴ ራሱ ፊተኛ ሆኖ ይነሣል፤ እኔም ሊጡን ትቼ እነሣለሁ፤ ልጆቹም ይነሣሉ። «ኖር!» እንላለን።

አንድ ረጅም ልጅ ነበር። ረጅሙ ነው የምንለው። ጣሊያን ሕዝቡን በፈጀባቸው በእነዚያ ክፉ ቀናት አባቱን ከደጃቸው ወስደውት አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ልጁ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጦ ነበር የሚውለው። እናቱ እጁን ይዛ አመጣችው፤ እሱን የሚያክል ጎረምሳ እጁ ተይዞ ሲመጣ ማየት ያሳዝናል።

«ጋሼ» አለችው ባለቤቴን፣ ልጁ እዚያው ቆሞ እየሰማ፤ «ይህ ልጅ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይነሣል። ግን የለም። ምን ላድርግ?»

«እሁድ ይምጣ» አላት።

መጣም። አንገቱን ሰብሮ ከበሩ መቃን ሥር ሲገባ ቤት ሙሉ ሰው ተነሣና «ኖር!» አለ። ረጅሙ ደንግጦ ዞር አለና ኋላውን ተመለከተ። ቄስ ወይም ሽማግሌ ተከትሎት የገባ መስሎት ነው። ከዚያ ዘወር ብሎ ለመጣው ሰው መንገድ ለቀቀ።

«ኋላህ ማንም የለም» አለው አንዱ ልጅ። «አንተው ነህ ትልቁ ሰው! በል በእግዜር በለንና እንቀመጥ፣ እግራችን አለቀ።»

ይህን ያለው ቀልደኛው ነው። ወላጆቹ ከወሎ የመጡ እስላሞች ናቸው፤ አባቱ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ይነግዳል፣ እሱ ግን አውሮፕላን ሜዳው ላይ ድንጋይ ይሸከማል። መጀመሪያ የመጣ ቀን በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ እኔ በእግዜር ልበል ወይስ በአላህ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ባለቤቴ «አንዱን በል እባክህ፣ ቆመናል እኮ!» ብሎት ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። «ሰንበቴው የናንተ ነው፤ ዳቦው የጋራችን ነው» እያለ ጠላውን ትቶ ሁልጊዜ ከዳቦው ድርሻውን ይወስድ ነበር። አንድ እሁድ ደግሞ «የረሳሁት ነገር አለ» ብሎ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ሁላችን እንነሣለን። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይወጣል። ለካ የሚያስነሣን ሆን ብሎ ኖሯል። በሦስተኛው ባለቤቴ ቆሞ «ኖር» ካለው በኋላ «አሁንስ ከወጣህ ቆመን ነው የምንጠብቅህ» አለው።

ረጅሙ ለብዙ እሁዶች ምንም አልተናገረም። መምጣቱን ግን አልተወም። ቀስ በቀስ ኋላውን መመልከት ተወ። ከዚያ ከመቃኑ ሥር ካለፈ በኋላ ትከሻው ቀና ማለት ጀመረ። ቆይቶም እንደ ሌሎቹ አውሮፕላን ሜዳው ላይ ሥራ ገባ። አንድ ቀን ባለቤቴ እንደ ልማዱ «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» ብሎ በተራ ሲጠይቅ፣ ረጅሙ ላይ ሲደርስ እንዳያስጨንቀው ሊያልፈው ሲል፣ «ወፍ አለች» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«አውሮፕላን የሚያሳድሩበት ዳስ ውስጥ፣ ጣራው ሥር፣ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። አውሮፕላኑ ሲነሣ ጎጆው ይንቀጠቀጣል። እሷ ግን አትነሣም፤ እንቁላሏን ታቅፋ ትቀመጣለች።»

«ከዚያስ?» አለ ባለቤቴ።

«ከዚያማ አላውቅም፤ ነገ አያለሁ።»

ይኸው ነው። የሚቀጥለው እሁድ ግን ገና ከመግባቱ ሁሉም «ወፏስ?» አሉት። ፊቱን ማየት ነበረባችሁ። ሳምንቱን ሙሉ የሱን ነገር ሲያስቡ መክረማቸውን ሲያውቅ እንዴት እንደሆነ ልጽፈው አልችልም። እናቱ በማግስቱ ደጄ መጥታ ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

ሰንበቴያችን ይህን ይመስል ነበር። ጠመንጃ የለበት፣ ምስጢር የለበት። ከዱር ካሉት አርበኞች ጋር የሚላላክም አልነበረም፤ ቢኖርም እኔ አላውቅም። ልጅ ታሞ ሲቀር ሌሎቹ ሄደው ይጠይቁታል። ማንበብ የሚፈልገውን ባለቤቴ ያስነብበዋል። ገበጣ ይጫወታሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ሌላ ምንም አልነበረም።

ሆኖም ጊዜው ከበደ። ወጣት ሰብስቦ መገኘት ብቻውን ያሳስር ጀመር። ሰብሳቢ ተብሎ የተያዘ ሰው በጭነት መኪና ወደ ቆላ ይላካል፤ ተልኮ የተመለሰ ደግሞ አልሰማንም። ባለቤቴ ልጆቹን እንዲበተኑ ነገራቸው። እምቢ አሉ። ስለዚህ ቢያዙ የሚሉትን አስጠናቸው። ከአግዳሚው ፊት እንደ ጣሊያን ሹም ደረቱን ነፍቶ ይቆምና ጣቱን ወደ ራሱ ያመለክታል።

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም ጌታዬ።»

«ቤቱ ሄደህ ታውቃለህ?»

«ቤቱ የት እንደሆነ አላውቅም ጌታዬ።»

«እኔ ግን ዳቦው ትዝ ይለኛል ጌታዬ» አለ ቀልደኛው።

ባለቤቴ አልሳቀም። «እኔም አላውቃችሁም እላለሁ። ካላወቃችሁኝ ሰብሳቢም ተሰብሳቢም የለም። ገባችሁ?» አላቸው። ገባቸው። ደጋግመው አጠኑት። አፋቸው አንድም ቃል አይስትም ነበር።

ያን ቅዳሜ ጋቢውን ስንጨምቅ ሜዳው ላይ ጉድ ፈልቶ ኖሯል። የአንድ አውሮፕላን ጎማ በስለት ተቀዶ ተገኘ። ማን እንደቀደደው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከሜዳው ሠራተኞች ብዙዎቹ ተይዘው ነበር፤ ረጅሙም፣ ቀልደኛውም፣ ከኛ ልጆች ሌሎችም ከመካከላቸው ነበሩ። እኛ ምንም አልሰማንም። ከሰዓት በኋላ ካራቢኜሪ የሚባሉት የጣሊያን ፖሊሶች ከአንድ አስተርጓሚ ጋር መጡ። ልጅ የሚሰበስብ ሰው እዚህ ሰፈር አለ ብሎ የነገራቸው ሰው ነበር። ባለቤቴ እጁን ታጥቦ ሙጫውን እስኪያስለቅቅ እንኳ አልጠበቁትም።

ሮጬ ጋቢውን ከአጥሩ ላይ አነሣሁ። ጫፉ ገና ያንጠባጥባል።

«እርጥብ ነው፣ ተዪው ይድረቅ» አለኝ። «መጥቼ እለብሰዋለሁ።»

ጋቢውን እንደያዝኩ ከኋላቸው ተከተልኩ። ከጣቢያው በር ላይ ዘበኛው በሰደፍ ገፋኝ። ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ውስጥ ምን እየሆነ እንደነበረ በዚያ ሰዓት አላወቅሁም። ግንቡን ነበር የማየው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አፋቸውን አስተምሯቸዋል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

በማግስቱ እሁድ ዳቦውን ጋገርኩ። ዱቄቱ ተነፍቶ አድሮ ነበር፤ ሌላ የማደርገው አልታወቀኝም። ሳይያዙ የቀሩት ልጆች አንድ አንድ እያሉ መጡና ተቀመጡ። የሚገባ ሲገባ ፊተኛ ሆኖ የሚነሣው ሰው ስለሌለ ግማሹ ይነሣል፣ ግማሹ ይቀመጣል። ዳቦውን የነካው የለም። ስንቅ ቋጥሬ ወደ ጣቢያው ሄድኩ፤ እንደ ቋጠርኩት ይዤው ተመለስኩ። እንዲህ እያልኩ ስመላለስ ከረምኩና አንድ ጠዋት ዘበኛው «እዚህ የለም፣ ተጭኗል» አለኝ። ወዴት ብዬ ብጠይቀው እጁን ወደ ምሥራቅ ወረወረ፤ ዝንብ የሚያባርር ይመስል ነበር።

ልጆቹ ተገርፈው ተለቀቁ። ረጅሙ ወደኔ የመጣው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ከአጥሩ በር አላለፈም።

«ግባ እንጂ ልጄ።»

«አልገባም እትዬ። እዚሁ ልንገርዎት።»

የነገረኝን እጽፈዋለሁ። ይህንን ለመጻፍ ነው ከመጀመሪያው ብዕር ያነሣሁት።

ጣሊያኑ ሹም ልጆቹን ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ደርድሮ አስቀምጧቸው ነበር። «ማነው የሚሰበስባችሁ?» ሲል «የለም ጌታዬ» አሉ። ተመቱ፤ «የለም ጌታዬ» አሉ። እንዳጠኑት ነው፣ አንድም ቃል አልሳቱም። በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና ባለቤቴ በካራቢኜሪዎቹ መካከል ገባ።

«ተነሣን» አለኝ ረጅሙ። «ማናችንም አላሰብነውም እትዬ። እግራችን ነው የተነሣው። ሁላችንም ብድግ ብለን 'ኖር!' አልን።»

«እሱስ?»

«እሳቸውም... 'በእግዜር፣ ልጆቼ' አሉ። ፈገግ ብለው። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።»

አፋቸውን አስተማርናቸው፤ እግራቸውን ማንም አላሰበውም።

ሹሙ ለምን ተነሡ ብሎ ጮኸ። አስተርጓሚው የኛው ሰው ነው። እኔ ስረግመው የከረምኩት ሰው። ፊቱ ላይ ላቡ ቸፍ ብሎ «ጌታዬ፣ ይህ ባህል ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ለማንም ይነሣሉ፤ ልጆቼ ማለትም የማንም ሽማግሌ ወግ ነው» ብሎ በሁለቱም ቋንቋ ተናገረ፤ ልጆቹም እንዲሰሙት ነው። ሹሙ ትንሽ አሰበና ከእስረኞቹ መካከል አንድ ሽበታም ሽማግሌ እንዲያመጡ አዘዘ። ልጆቹን አስቀመጣቸው። ሽማግሌውን በዚያው በር አስገቡት።

ረጅሙ እዚህ ላይ ሲደርስ የአጥሩን እንጨት ያዘ።

«አልተነሣንም እትዬ።»

«ለምን?»

«ፈራን። መነሣታችን ነው ያጠፋቸው ብለን፣ መሬቱን ይዘን ቁጭ አልን። አስተርጓሚው በዓይኑ ተነሡ ይለናል፤ አይቼዋለሁ። ተነሥቼ ቢሆን ሌሎቹም ይከተሉኝ ነበር፣ ረጅም ነኝ፣ ያዩኝ ነበር። ሽማግሌው መሐላችን ቆመው ቀሩ። ሹሙ ሳቀ። ጋሼን ወሰዷቸው፤ እኛን ሰብሳቢው ተገኝቷል ብለው ለቀቁን።»

አንተ አላጠፋህም አልኩት። ልጅ ነህ፣ ማንም ቢሆን ይፈራ ነበር አልኩት። ባለቤቴ ራሱ «በእግዜር» ብሏል፣ እሱም እንደናንተ ረስቶታል አልኩት። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን እሱ ዘንድ አልደረሰም። አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ትከሻው ያን የድሮውን ሆኖ አየሁት። በሐሳቤ እነዚያን ልጆች ከመሬት ስንት ጊዜ አስነሥቻቸዋለሁ! ሽማግሌው ሲገባ «ኖር» አስብያቸዋለሁ። ሹሙ ትከሻውን ነቅንቆ ሁሉንም ሲለቅ አይቻለሁ። ከዚያ ብቻዬን እነቃለሁ።

አስተርጓሚውን አንዳንድ ጊዜ ተክለ ሃይማኖት ገበያ መንገድ ላይ አገኘዋለሁ። እሱም ያውቀኛል። ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን እንተላለፋለን።

መርዶው የመጣው ከዚያ ቆላ እስር ቤት በሕይወት የተመለሰ አንድ ሰው ይዞት ነው። በንዳድ ነው የሞተው አለኝ። ከሌሎች ጋር ነው የተቀበረው፤ ቦታውን ለይቶ አያውቀውም። ሌላ የተናገረው ነገር ካለ ብዬ ጠየቅሁት። ሰውዬው አሰበ አሰበና «እስረኛ በገባ ቁጥር ይነሣ ነበር፤ አቅም እስኪያንሰው ድረስ» አለኝ። ይህን ለረጅሙ ልንገረው አልንገረው ብዬ እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።

ጋቢው ሲደርቅ አጥፌ አስቀመጥኩት። አልተለበሰም።

ጣሊያን ሄዷል። ልጆቹ አብዛኞቹ አሁን ሥራ ይዘዋል፤ ቀልደኛው ከአባቱ ጋር ይነግዳል፣ ቀልዱ ግን ቀንሷል። ሲመቻቸው እሁድ ይመጣሉ፤ ታናናሾቻቸውንም ያመጣሉ። ረጅሙም ከአንድ ዓመት በኋላ መምጣት ጀመረ። ከመቃኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ሁላችን እንነሣለን፣ «በእግዜር» ይላል። ግን አይቀመጥም። ዳቦውን ቆሞ ይበላል፣ የሌሎቹን ወሬ ቆሞ ይሰማል፣ ቆሞ ይሄዳል። ቦታውን አግዳሚው ጫፍ ላይ ሁልጊዜ እተውለታለሁ። ተቀመጥ ብዬ መለመኑን ትቻለሁ፤ በለመንኩት ቁጥር ፊቱ ይባባሳል። ወፏ እንዴት ሆነች ብዬ አንድ ቀን ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ አልደፈርኩም።

አሁን ቅዳሜ ዱቄት እነፋለሁ፣ እሁድ ዳቦ እጋግራለሁ፣ ሁለቱን አግዳሚዎች ወልውዬ በሩን እከፍታለሁ። ልጅ ሲገባ ፊተኛ ሆኜ የምነሣው እኔ ነኝ።